ልጁን 40 ጊዜ ሱቅ አትላኩት

ዛሬ ጽሑፌ ረዘም ይላል። ኮምፒውተር ያልተማራችሁ ጓደኞቼ "ይሄ የባለሙያ ወሬ ነው" ብላችሁ እንዳታልፉት፤ አብዛኛው ስለ ሱቅ፣ ስለ ሰላምታና ስለ አባይ በረሃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ጻፈልኝ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። በፓይተን አንድ ፕሮግራም ሠርቷል። ፕሮግራሙ የ40 ቦታዎችን የዝናብ ትንበያ ውጭ ሀገር ካለ ነፃ አገልግሎት እየጠየቀ በአንድ ሠንጠረዥ ያስቀምጣል። ጤፍ ታጭዶ ሳይወቃ ዝናብ ቢመጣበት ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም። ልጁም ያሰበው ለአባቱና ለጎረቤቶቹ ነው። ታዲያ ፕሮግራሙ ግቢ እያለ ደህና ይሠራ ነበር። ለእረፍት ወደ ቁይ ሲመጣ ግን ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፣ አንዳንዴም መሃል ላይ ይቋረጣል። መልእክቱን እንዲህ ብሎ ጨረሰ፦ "ቲቸር፣ ገጠር ሆኖ ኮዲንግ አይሆንም ማለት ነው። ይቅርብኝ መሰለኝ።"

እኔን ያንገበገበችኝ ይቺ "ይቅርብኝ" የምትለዋ ቃል ናት። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የኢትዮጵያና የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ መንግሥታት "5 ሚሊዮን ኮደሮች" የሚለውን ፕሮግራም ከጀመሩ ወዲህ ኮዲንግ የሚሞክር የገጠር ልጅ በዝቷል። ሰርተፍኬት መያዝ አንድ ነገር ነው። የተማሩትን ይዞ ቤት ሲገቡ በዚች በኛ ኔትወርክ ማሠራት ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙው ልጅ የሚሰናከለውም እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሲሰናከል ደግሞ ጥፋቱን በራሱ ወይም በተወለደበት ቦታ ላይ ያደርጋል። እኔ የምለው ግን ርቀት ዕጣ ፈንታ አይደለም ነው። ርቀት ይቆጠራል፤ የሚቆጠር ነገር ደግሞ ይቀነሳል።

መጀመሪያ "ፈጣን ኔት" ሲባል ሁለት ነገር እንደሚደባለቅ እንወቅ። አንዱ የመንገዱ ስፋት ነው፤ በአንድ ጊዜ ስንት ዳታ ያልፋል የሚለው። ሌላው የመንገዱ ርዝመት ነው፤ አንድ መልእክት ሄዶ ለመመለስ ምን ያህል ይፈጃል የሚለው። ከቁይ ደብረ ማርቆስ ያለውን መንገድ አሥር እጥፍ ብታሰፉት ማርቆስ አትቀርብም አይደል? ኢትዮጵያ ወደብ ስለሌላት ወደ ውጭ የምንልከው መልእክት በፋይበር ጎረቤት ሀገር ደርሶ ነው የባህር ኬብል የሚይዘው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከዚያ በላይ ማንም አያስሮጠውም። በዚያ ላይ የሞባይሉ አየር፣ ማማው፣ መሃል ያለው መሣሪያ ሁሉ የየራሱን መዘግየት ይጨምራል። ስለዚህ አውሮፓ ካለ ሰርቨር ጋር አንድ ደርሶ መልስ ለምሳሌ 200 ሚሊሰከንድ ይፈጃል እንበል። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ አይን እንደመጨፈን ነው። ችግሩ የሚመጣው ደርሶ መልሱ ሲደጋገም ነው።

አሁን ወደ ሱቁ እንሂድ። እኛ ሀገር ልጅ ሱቅ ሲላክ ገብቶ "ጨው ስጠኝ" አይልም። መጀመሪያ "እንዴት ዋላችሁ?" ይላል፤ ባለሱቁም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ?" ይላል። ቀጥሎ ልጁን ካላወቀው "የማን ልጅ ነህ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ዱቤ ነገር ስላለ። ዕቃው የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፒውተርም ልክ እንደኛ ሰላምተኛ ነው። ቲሲፒ የሚባለው የመገናኛ ደንብ መጀመሪያ "አለህ?"፣ "አለሁ፣ አንተስ?" ይባባላል፤ ይሄ አንድ ደርሶ መልስ ይወስዳል። ከዚያ ቲኤልኤስ የሚባለው፣ አድራሻው ላይ ቁልፍ የምታዩት የደህንነት ደንብ፣ "የማን ልጅ ነህ?" ይላል። አዲሱ ስሪቱ አንድ፣ የቆየው ደግሞ ሁለት ደርሶ መልስ ይፈልጋል። ትክክለኛው ጥያቄ የሚቀርበው በመጨረሻ ነው፤ እሱም አንድ።

አሁን የልጁን ፕሮግራም እንቁጠር። እሱ የተጠቀመው ሪኩዌስትስ የሚባለውን የፓይተን ላይብረሪ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ፣ ቀላልና የተወደደ ላይብረሪ ነው፤ ፓይተን የተማረ ሁሉ ማለት ይቻላል ድረ ገጽ መጠየቅን የሚጀምረው በሱ ነው። ልጁ በፎር ሉፕ ውስጥ "ጌት፣ ጌት፣ ጌት" እያለ 40 ጊዜ ጠይቋል። እንዲህ ሲጻፍ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ግንኙነት ይከፈታል። ይህ ማለት ጨው ገዝቶ ቤት ይመለሳል፣ ለክብሪት እንደገና ይላካል፣ እንደገና "እንዴት ዋላችሁ"፣ እንደገና "የማን ልጅ ነህ"። ለአንድ ጥያቄ 3 ደርሶ መልስ፣ 600 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ይህ በ40 ሲባዛ 24 ሰከንድ ይሆናል። ሰርቨሩ በቆየው ቲኤልኤስ ከሆነ ደግሞ 32 ሰከንድ። ግማሽ ደቂቃዋ ይችውላችሁ! ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ቁይም ከዓለም ስለተረሳች አይደለም። ሰላምታ ስለበዛ ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ አዲስ ስሪት እንኳ አይፈልግም። ሪኩዌስትስ ላይ ሴሽን የሚባል ነገር አለ። ከሉፑ ውጭ አንድ ሴሽን ትከፍቱና ሁሉንም ጥያቄ በሱ ታስተላልፋላችሁ። ልጁ ሱቁ በር ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ይጠይቃል ማለት ነው። ሰላምታውና ማንነቱ አንድ ጊዜ ብቻ 400 ሚሊሰከንድ ይወስዳሉ፣ ከዚያ 40 ጥያቄ በ200 ሲባዛ 8 ሰከንድ። ድምሩ 8.4 ሰከንድ። በሁለት መስመር ለውጥ ከ24 ወደ 8.4!

ይሄ ሁሉ ኤችቲቲፒ 1.1 በሚባለው ስሪት ነው። ኤችቲቲፒ ማለት ደንበኛው እንዴት እንደሚጠይቅ፣ ሰርቨሩ እንዴት እንደሚመልስ የሚወስን ደንብ ነው። አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ 1.1 መጀመሪያ በደንብነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። እኩያ ናቸው ማለት ነው። ክፉ ደንብ አልነበረም፤ ዛሬም ብዙ ሥራ ይሠራል። ጠባዩ ግን በአንድ መስመር ላይ አንዱ ጥያቄ ሳይመለስ ሌላውን አለማስተናገዱ ነው። አሳሾች በዚህ ምክንያት ለአንድ አድራሻ እስከ 6 መስመር እየከፈቱ ነው የኖሩት።

በ2007 ዓ.ም. ኤችቲቲፒ 2 መጣ። እሱ ያመጣው ነገር ልጁ ዝርዝሩን በወረቀት ይዞ ሄዶ በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ ነው። በአንድ ግንኙነት ውስጥ ብዙ ጥያቄ ይሄዳል፤ ባለሱቁም ቀድሞ የተገኘውን ቀድሞ ያቀብላል። በየጥያቄው የሚደጋገመውን የራስጌ መረጃም ጨምቆ ስለሚልክ ዳታ ይቆጥባል። ለልጁ ፕሮግራም ብናሰላው ሰላምታና ማንነት 400፣ ጥያቄዎቹ ሁሉ አብረው ሄደው አብረው ሲመለሱ 200፣ በድምሩ 0.6 ሰከንድ ገደማ። መልሱ ራሱ በመንገዱ ስፋት ልክ የሚወስደው ጊዜ ይጨመርበታል፤ ቢሆንም ከ24 ጋር አይወዳደርም።

እዚህ ጋ ግን ቆም በሉ። ሪኩዌስትስ ራሱ ኤችቲቲፒ 2ን አይናገርም። ፓይተን ላይ ኤችቲቲፒኤክስ የሚባል ሌላ ላይብረሪ አለ፤ አጻጻፉ ከሪኩዌስትስ ብዙም አይርቅም። ነገር ግን ኤችቲቲፒ 2 ዝም ብሎ አይበራም። ስትጭኑት በማዕዘን ቅንፍ "ኤችቲቲፒ2" የሚለውን ተጨማሪ አብራችሁ መጫን አለባችሁ፤ ክላይንቱን ስትከፍቱም "ኤችቲቲፒ2" የሚለውን ቅንብር "ትሩ" ማለት አለባችሁ። ይሄን አድርጎ አሁንም በፎር ሉፕ አንድ በአንድ እየጠበቀ የሚጠይቅ ሰው ያገኘው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ልጁ ዝርዝሩን በኪሱ ይዞ አሁንም አንድ አንዱን እያነበበ ነዋ! ጥያቄዎቹ አብረው እንዲሄዱ አሲንክ ክላይንት ተጠቅማችሁ ሁሉንም በአንድ ላይ መልቀቅ ይኖርባችኋል። ስሪቱ በሩን ይከፍታል እንጂ ገፍቶ አያስገባችሁም።

ሌላ ቋንቋ የምትጽፉ ልጆችም አላችሁ። ጎ ከስሪት 1.6 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቁልፍ ላለው አድራሻ ኤችቲቲፒ 2ን ራሱ ይጠቀማል፤ ምንም አትነኩም። ጃቫ ደግሞ ከስሪት 11 ጋር የመጣው አዲሱ የኤችቲቲፒ ክላይንት መጀመሪያ የሚሞክረው 2ን ነው። ሁሉም ጋ ግን ሰርቨሩ ካልቻለ በዝምታ ወደ 1.1 ይመለሳል። ስለዚህ "አብርቻለሁ" ማለት "አግኝቻለሁ" ማለት አይደለም። ኤችቲቲፒኤክስ ላይ መልሱ "ኤችቲቲፒ ቨርዥን" የሚል መረጃ ይዞ ይመጣል፤ አትማችሁ እዩት።

አሁን ወደ አባይ በረሃ እንውረድ። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሄደ ሰው ያውቀዋል። ጠመዝማዛው ላይ አንድ ተሳቢ ከተበላሸና መንገዱን ከዘጋ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ለቅሶ የሚሄደውም፣ ታካሚ የጫነውም፣ ሽንኩርት የጫነውም እኩል ይቆማል። ኤችቲቲፒ 2ም ይሄው ችግር አለበት። ጥያቄዎቹ ብዙ ቢሆኑም የሚሄዱት በአንድ የቲሲፒ መንገድ ላይ ነው። ቲሲፒ ደግሞ ሁሉም በተራው ካልደረሰ አያስረክብም። አንዲት ፓኬት መንገድ ላይ ከጠፋች እሷ እንደገና እስክትላክ ድረስ 40ውም ይቆማሉ። ፋይበር በገባበት ከተማ ፓኬት ብዙም አይጠፋም፤ ሲግናሉ አንድ መስመር በሚያሳይበት ቤት ግን ይጠፋል። እንዲያውም ኔቱ በጣም ሲበላሽ ብዙ መስመር የከፈተው አሮጌው 1.1 አንዱን 2 የሚቀድምበት ጊዜ አለ።

ይሄን ለመፍታት ነው ኤችቲቲፒ 3 የመጣው፤ በደንብነት የወጣው በ2014 ዓ.ም. ነው። የቆመውም ክዊክ በሚባል አዲስ ደንብ ላይ ነው። ክዊክን እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመሩት ጉግል ውስጥ ነው፤ በኋላ የኢንተርኔት ደንብ አውጪው አይኢቲኤፍ አሻሽሎ በ2013 ዓ.ም. አጸደቀው። ክዊክ ቲሲፒን ትቶ ዩዲፒ በሚባለው ላይ ነው የሚጋልበው። ዩዲፒን በፕላዝማ የተማራችሁ በደንብ ትረዱታላችሁ፤ የፕላዝማው መምህር ገባችሁም አልገባችሁም ይቀጥላል፣ መብራት ጠፍቶ ቢመጣም አይጠብቃችሁም። ክዊክ በዚያ ላይ አንድ ነገር ጨመረ፦ ያመለጠህን ለይተህ ጠይቅ፣ ሌላው ግን ይቀጥል። የጨው ፓኬት ከጠፋ ጨው ብቻ ይጠብቃል፤ ክብሪቱ ይመጣል።

ለኛ የሚጠቅሙ ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉት። አንደኛ፣ ሰላምታውንና "የማን ልጅ ነህ"ን በአንድ ደርሶ መልስ ያጠናቅቃል፤ 400 የነበረው 200 ይሆናል። ከዚህ በፊት የሚያውቀው ባለሱቅ ከሆነ ደግሞ ልጁ ገና ከበሩ "እንዴት ዋላችሁ፣ ጨው ስጡኝ" ማለት ይችላል። ይቺ ግን ጥንቃቄ ትፈልጋለች፤ እንዲህ ቀድሞ የተላከን መልእክት ሌላ ሰው ቀድቶ ሊደግመው ይችላል። ትንበያ ለመጠየቅ ችግር የለውም፤ "ብር አስተላልፍ" ለሚል ትእዛዝ ግን እንዳትጠቀሙባት። ሁለተኛ፣ ቲሲፒ ሰውን የሚያውቀው በአድራሻው ነው፤ ስልካችሁ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ሲሻገር አድራሻው ስለሚቀየር ግንኙነቱ ይቋረጣል። ክዊክ ግን ለግንኙነቱ ራሱን የቻለ መለያ ይሰጠዋል። መንገደኛው መሃል ላይ መኪና ቢቀይር ሰውየው ያው ነው እንደማለት ነው። ደንበኛውም ሰርቨሩም ይሄን እስከደገፉ ድረስ የተጀመረው ሥራ ይቀጥላል።

"እሺ ቲቸር፣ በፓይተን እንዴት ልጠቀመው?" ትሉኛላችሁ። ኤችቲቲፒኤክስ እስከ 2 ነው። ለ3 ኒኩዌስትስ የሚባል፣ ከሪኩዌስትስ ተገንጥሎ የወጣና አጻጻፉ ከሞላ ጎደል ያው የሆነ ላይብረሪ አለ። ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ ደግሞ አዮክዊክ አለ። በትእዛዝ መስኮት ለመሞከር ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ የጀመረው ከርል ይረዳችኋል፤ የጫናችሁት ከርል ለ3 ተደርጎ የተሠራ መሆን አለበት እንጂ። አንድ ልብ በሉ፦ ሰርቨሩ "እኔ 3ም እናገራለሁ" የሚለው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው መልሱ ውስጥ ስለሆነ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ በ2 ወይም በ1.1 ቢሄድ አትደናገጡ። ዩዲፒን የሚዘጋ ኔትወርክም አለ፤ ያኔ ወደ ቀድሞው መመለስ ነው።

ለልጁ ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን አልጫንኩበትም። "መጀመሪያ ሴሽን ክፈት፣ ሰከንዱን ቁጠር፤ ነገ ደግሞ እንቀጥላለን" ነው ያልኩት። ማታውን "ቲቸር፣ ኔቱ እኮ ያው ነው! ኮዱ ነው የተቀየረው!" ብሎ ጻፈልኝ። በማግስቱ ወደ ኤችቲቲፒኤክስ ተሻገርን። ከዚያ በኋላ ያነሳው ጥያቄ ነው ደስ ያሰኘኝ፦ "40 ጥያቄ ለምን እልካለሁ? አገልግሎቱ ብዙ ቦታ በአንድ ጥያቄ ይቀበል እንደሆነ ልየው።" ይኸው! ከጥያቄ ሁሉ ፈጣኑ ያልተላከው ነው። ደግሞም ነፃ አገልግሎት በየደቂቃው የሚፈቅደው ልክ አለው፤ በአንድ ጊዜ መላክ ስለቻልን ብቻ ልናጥለቀልቀው አይገባም።

አሁን ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ስሪት 3ም ሆነ ስሪት 30 የሌለን ኔትወርክ አያመጣም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያኔ 24 ሰከንድም 0.6 ሰከንድም እኩል ናቸው። ስለዚህ እዚህ ሀገር ፕሮግራም የሚጽፍ ልጅ ሌላ ሙያም ያስፈልገዋል። የመጨረሻውን መልስ ስልኩ ላይ ማስቀመጥና ኔት ሲጠፋ "ይህ የትናንት ጠዋት ትንበያ ነው" ብሎ በግልጽ ማሳየት። ገበሬው የድሮ ትንበያ የዛሬ መስሎት ነዶውን ሜዳ ላይ እንዳይተወው! የጥበቃ ገደብም አስቀምጡ፤ ሪኩዌስትስ ካልነገራችሁት በስተቀር ገደብ የለውም፣ መልስ ካልመጣ እንደቆመ ሊቀር ይችላል። ኤችቲቲፒኤክስ በራሱ 5 ሰከንድ ገደብ አለው፤ ለኛ ኔት ካነሰ ጨምሩት።

ሰርቨር የምትሠሩ፣ አዲስ አበባም ውጭ ሀገርም ያላችሁ ልጆቼ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ከተማ ተቀምጦ ለሚፈትነው ሰው በ1.1 እና በ3 መካከል ያለው ልዩነት ላይታየው ይችላል፤ የእሱ ደርሶ መልስ አጭር ነው። ልዩነቱ የሚታየው ቁይ ላለው፣ ቢቸና ላለው፣ ተራራ ሥር ለተቀመጠው ሰው ነው። ሰርቨራችሁ ላይ 2ን እና 3ን ማብራት ለእናንተ የአንድ ከሰዓት ሥራ ይሆናል፤ ለኛ ግን በየቀኑ የሚቆጠር ጊዜና በብር የተገዛ ዳታ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ መምህር ያለ ቤት ሥራ አይለያችሁም። ኮድ የምትጽፉ ሁሉ ከዚህ በፊት የሠራችሁትን አንድ ፕሮግራም አውጡና ሦስት ነገር መልሱ። ስንት ጊዜ አዲስ ግንኙነት ይከፍታል? በየትኛው ስሪት ነው የሚነጋገረው? ኔት ቢጠፋ ለተጠቃሚው ምን ይለዋል? መልሳችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ ያላችሁበትን ከተማና የፈጀውን ሰከንድም ጻፉ። የማይገባችሁ ነገር ካለ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ኔት እንዳገኘሁ እመልሳለሁ።

ሰላም ዋሉ።